ተቀጥራችሁ እየሠራችሁ ለራሳችሁ ቢዝነስ እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ምግብ ቤቶች፣ ካፌዎችና ትንንሽ ሱቆች ቦታቸውን ለቀዋል። ደንበኛ የሚያውቀው ቤቱን ብቻ ከሆነ ቤቱ ሲሄድ እሱም ይሄዳል። ሙያ፣ የሂሳብ አያያዝና የደንበኛ ስልክ ቁጥር ግን የትም ሰፈር አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የራሳችሁን ሥራ የምታስቡ ከሆነ፣ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ማድረግ ያለባችሁን ዝግጅት ይዘንላችሁ መጥተናል።

👉 1. መሥሪያ ቤታችሁን እንደ ትምህርት ቤት ተጠቀሙበት

የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ ኮምፒውተር የነካችው በ17 ዓመቷ ነው። ተምራ ፕሮግራመር ሆና ተቀጠረች። አምሽታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ማግኘትና በዋጋ መስማማት ያስቸግራት ነበር። ራይድ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ሙያውን ከትምህርትና ከሥራ፣ ችግሩን ደግሞ ከራሷ ኑሮ አገኘችው።

እናንተም በትንሹ ጀምሩ። ካፌ የምትሠሩ ከሆነ በየቀኑ ተርፎ የሚጣለውን ለ30 ቀን መዝግቡ። ከዚያ አለቃችሁን አስፈቅዳችሁ የሚዘጋጀውን መጠን ቀንሱና ልዩነቱን በብር አስሉ። ሐሳባችሁ ከሠራ ልምድ ታገኛላችሁ፤ ካልሠራም የራሳችሁን ካፒታል ሳትከስሩ ተምራችኋል።

👉 2. የጎደላችሁን ብቻ ተማሩ

ሙያውን ካወቃችሁ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሂሳብ፣ ግብርና ዋጋ አተማመን ነው። ለዚህ የማታ ትምህርት ወይም አጭር ሥልጠና ይበቃል። የኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ሲመሠረት ማዕከል ነበር። ኢምፕሬቴክ የሚባለውን ሥልጠና ይሰጣል። ሥልጠናው ዕድል መፈለግን፣ የታሰበበት ኪሳራ መድፈርንና ዕቅድ መከታተልን የመሳሰሉ 10 የሥራ ፈጣሪ ባሕርያት ላይ ያተኩራል።

👉 3. ሐሳቡ የማን ነው?

ብዙዎች የሚዘነጉት ይሄን ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት፣ ውላችሁ ሌላ ካላለ በቅጥር ሥራችሁ የሠራችሁት የፈጠራ ውጤት የአሠሪያችሁ ነው። ከሥራችሁ ጋር ግንኙነት የሌለውና የድርጅቱን ዕቃም ሆነ መረጃ ሳትጠቀሙ የሠራችሁት ግን የእናንተ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ተቀጥራችሁ የጻፋችሁት ሶፍትዌርም፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ መብቱ የአሠሪው ነው።

በአጭሩ፦ የራሳችሁን ፕሮጀክት በራሳችሁ ላፕቶፕ፣ በራሳችሁ ሰዓት ሥሩ። የቢሮውን የደንበኞች ዝርዝር ይዛችሁ አትውጡ። የቅጥር ውላችሁንም ዛሬ አውጥታችሁ አንብቡ።

👉 4. በደህና ውጡ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ጥላችሁ አትጥፉ፤ የትናንት አለቃ የነገ የመጀመሪያ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ከመልቀቃችሁ በፊት ቢያንስ የተወሰኑ ወራት የቤት ኪራይና ቀለብ ቆጥቡ።

ሸሪክ ከሌላችሁም አትጨነቁ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ጥቅሙ የድርጅቱ ዕዳና የእናንተ የግል ንብረት መለያየታቸው ነው፤ የድርጅቱንና የኪሳችሁን ብር እስካልቀላቀላችሁ ድረስ።

ለዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ በመሥሪያ ቤታችሁ ደንበኛ ደጋግሞ የሚያማርርበትን ጉዳይ ጻፉና "ይሄ ቢፈታለት ከፍሎ ይገዛል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ለመጀመር የሚያበቃ ነገር ይዛችኋል።

ሥራ ለመልቀቅ ለሚያስብ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።