ከጨው የታነጹት የዳሎል ቤቶች፦ የቀድሞዋ የማዕድን መንደር ታሪክ

በአፋር ክልል በክልበቲ ረሱ ዞን፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በተዘረጋው የጨው ሜዳ መካከል ዳሎል የተባለች ጉብታ ትገኛለች። አብዛኛው ሰው ዳሎልን የሚያውቃት ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ቀለም በተላበሱት ፍል ውሃዎቿ ነው። ከፍል ውሃዎቹ ብዙም ሳይርቅ ግን ጣሪያቸው የተገፈፈ የአሮጌ ቤቶች ፍርስራሽ ቆሟል። ግድግዳዎቹ የታነጹት ከድንጋይ ወይም ከጭቃ ሳይሆን ከጨው ጡብ ነው። በዙሪያቸው የዛገ በርሜል፣ የማሽን ስብርባሪና ባለቤት የሌለው ብረት ተበትኖ ይታያል።

እነዚህ ቤቶች ለማዳበሪያ የሚውለውን የፖታሽ ማዕድን ለማውጣት የመጡ ሠራተኞች መኖሪያና መሥሪያ የነበሩ ናቸው። መንደሯ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሞክራለች፤ ከአንድ ጊዜ በላይም ተትታለች። ማዕድኑ ግን አላለቀም። የዳሎል ፍርስራሽ ታሪክ ለአርሶ አደሩም ለከተማ ነዋሪውም የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። ከምድር በታች ያለ ሀብት መንገድ፣ ወደብና ገበያ ካልተገናኙለት ሀብት ሆኖ እንደማይቆጠር በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መንደሯ የተመሠረተችበት ሀብት

የደናክል ዝቅተኛ ስፍራ በጥንት ዘመን በቀይ ባሕር ውሃ በተደጋጋሚ ተጥለቅልቆ ነበር። ውሃው ከባሕሩ ተቆርጦ በፀሐይ ሲተን ጨው በንብርብር ላይ ንብርብር እየሆነ ተከማቸ። የጨው ውሃ ሲደርቅ ለምግብ የሚውለው ተራ ጨው ፖታሲየም ካለባቸው ጨዎች ቀድሞ ይጠጥራል። ፖታሲየም ያለባቸው ጨዎች የሚቀሩት በመጨረሻው፣ ውሃው እጅግ ሲወፍር ነው። በዳሎል አካባቢ የሚገኙት ሲልቫይት፣ ካርናላይትና ካይናይት የተባሉት ማዕድናት የተፈጠሩት በዚህ መንገድ ነው። ፖታሽ የሚለው የወል ስም የሚያመለክተው እነዚህን የመሰሉ ፖታሲየም የያዙ ጨዎችን ነው።

ፖታሲየም ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ጋር ሰብል በብዛት ከሚፈልጋቸው ሦስት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ተክሉ ውሃውን በአግባቡ እንዲጠቀም፣ አገዳው እንዲጠነክርና በሽታን እንዲቋቋም ይረዳል። ድንች፣ ሙዝና ሌሎች ሥራ ሥርና ፍራፍሬ ሰብሎች በተለይ ብዙ ፖታሲየም ከአፈር ይወስዳሉ። ስለዚህ በዳሎል በረሃ የተቆፈረው ነገር መድረሻው የእርሻ ማሳ ነበር።

የመጀመሪያው የሥራ ዘመን

የጣልያን ባለሀብቶች በዳሎል ፖታሽ የማውጣት ሥራ የጀመሩት በ1910ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ዓለም ፖታሽ የሚያገኘው በአብዛኛው ከጀርመን ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የጀርመን አቅርቦት ለብዙ አገሮች ተቋረጠ፤ ዋጋውም ናረ። ሞቃቱ በረሃም በድንገት ተፈላጊ ሆነ።

ማዕድኑን ወደ ባሕር ለማድረስ በቀይ ባሕር ዳርቻ ካለው የመርሳ ፋጡማ ወደብ ተነሥቶ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ እስካለ ስፍራ የሚደርስ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ሐዲዱ የተጠናቀቀው በ1918 ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 50 ሺህ ቶን የሚጠጋ ምርት መገኘቱ ተመዝግቧል።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ በተጠናቀቀበት ዓመት ጦርነቱም አበቃ። የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ተመለሰ፤ ሌሎች አገሮችም የየራሳቸውን ክምችት ማልማት ጀመሩ። በረሃ አቋርጦ የሚመጣው የዳሎል ምርት በዋጋ ሊወዳደር አልቻለም። ከ1925 እስከ 1929 ባለው ጊዜ አንድ የጣልያን ኩባንያ 25 ሺህ ቶን ያህል ሲልቫይት በባቡሩ አጓጉዞ ቢልክም ሥራው ሥር ሳይሰድ ቀረ። በ1926 ደግሞ በጉብታዋ አካባቢ ከምድር በታች የጋለ እንፋሎት ፈንድቶ ጎድጓዳ ስፍራ ፈጠረ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ የሠፈሩበት ምድር ያልተኛ እሳተ ገሞራ እንደሆነ ያ ፍንዳታ አስታውሷቸዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤርትራን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር ሐዲዱን ነቅሎ ወሰደው። የባቡሩ መስመር ሲጠፋ ጉብታዋን ከባሕሩ ጋር ያገናኝ የነበረው ብቸኛ ክር ተበጠሰ። ከ1951 እስከ 1953 ድረስ መቀመጫው አሥመራ የነበረ አንድ ኩባንያ ጥቂት ቶን ምርት ለሕንድ ከመሸጥ አላለፈም።

ሁለተኛው ሙከራ

በ1950ዎቹ መጨረሻ ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፍለጋ ፈቃድ አግኝቶ ወደ አካባቢው ገባ። ኩባንያው ከ250 በላይ ጉድጓዶችን ቆፍሮ ከዳሎል ጉብታ በስተ ምዕራብ ሙስሊ በተባለው ስፍራ ከፍተኛ የፖታሽ ክምችት መኖሩን አረጋገጠ። ከመሬት በታች የመቆፈር ሥራም ጀመረ፤ ነገር ግን ውሃ ወደ ማዕድን ጉድጓዱ ገብቶ ሥራውን አሰናከለው። ኩባንያው በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲወጣ ሌላ የጀርመን ኩባንያ ጥናቱን ለአጭር ጊዜ ቀጥሎ እርሱም ተወው።

ከዚህ ዘመን ለዓለም የተረፈው አንድ መዝገብ አለ። በመንደሯ የነበሩ የማዕድን ሠራተኞች ከ1960 እስከ 1966 ድረስ የየዕለቱን የሙቀት መጠን ይመዘግቡ ነበር። በዚህ መዝገብ መሠረት የዳሎል ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ አኃዝ ሰው በኖረበት ስፍራ ከተመዘገቡት ዓመታዊ አማካዮች ሁሉ ከፍተኛው በመሆን ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ ኖሯል። ቀንና ሌሊት፣ ክረምትና በጋ ተደምሮ የወጣ አማካይ መሆኑን ላስተዋለ፣ በእነዚያ ቤቶች መኖር ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት አይከብድም።

የጨው ግድግዳ እንዴት ሊቆም ቻለ?

በዳሎል ዙሪያ ለግንባታ የሚሆን እንጨት የለም፤ ጡብ ለማቦካት የሚበቃ ጣፋጭ ውሃም የለም። ድንጋይና ሲሚንቶ ከሩቅ ማምጣት ደግሞ ከባድ ወጪ ነበር። በእጅ ያለው ጨው ብቻ ነው። ስለዚህ ከሜዳው የተቆረጠው ጨው በጡብ መልክ ተጠርቦ ግድግዳ ሆነ።

ጨው የቤት ግድግዳ ሆኖ መቆየቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በደጋ ወይም በወይና ደጋ እንዲህ ያለ ቤት አንድ ክረምት እንኳ አይሻገርም። ጨው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በአየር እርጥበትም ይጠቃል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲደርስ ከአየሩ ውሃ እየሳበ መቅለጥ ይጀምራል። ዳሎል ግን በዓመት የምታገኘው ዝናብ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ሙቀቱም እርጥበቱን ቶሎ ያደርቀዋል። ቤቶቹን እስከ ዛሬ ያቆያቸው ሰውን ያባረረው ያው ደረቅ በረሃ ነው።

ብረቱን ግን የገጠመው ዕጣ የተለየ ነው። ጨው የብረትን ዝገት ያፋጥናል፤ በፍል ውሃዎቹ አካባቢ ያለው አሲድም እጅግ ኃይለኛ ነው። የአንዳንዶቹ ፍል ውሃዎች የአሲድነት መለኪያ ከዜሮ በታች እንደሚወርድ በጥናት ተረጋግጧል። በመሆኑም ከውጭ የመጣው ማሽን ዝጎ ሲረግፍ፣ ከስፍራው የተገኘው ጨው ሳይፈርስ ቆይቷል። ይህ ማለት ግን ግድግዳዎቹ ዘላለማዊ ናቸው ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ የሚጥለው ዝናብና ነፋሱ የጡቦቹን ጠርዝ እየሸረሸሩ ሲሄዱ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ግድግዳው ወደ ተቆረጠበት ሜዳ ይመለሳል።

ቤት ሳይሠሩ የኖሩት ባለሙያዎች

ኩባንያዎቹ ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመናት በፊት በዚሁ ሜዳ ጨው ይቆረጥ ነበር። እነርሱ ከሄዱ በኋላም ቀጥሏል። ቆራጮቹ የጨውን ቅርፊት በረጃጅም እንጨት ፈንቅለው ያነሡና በመጥረቢያ መሰል መሣሪያ አራት ማዕዘን አድርገው ይጠርቡታል። የአፋርና የትግራይ ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው ሲሠሩ ኖረዋል። የተጠረበው ጨው በግመልና በአህያ ተጭኖ በበራህሌ በኩል ወደ ደጋው ገበያ ይወጣል። ከዚህ ሜዳ የወጣው አሞሌ ጨው እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ገንዘብ አገልግሏል። በቅርብ ዓመታት የመኪና መንገድ በመሠራቱ ከጭነቱ ብዙው ወደ መኪና ተላልፏል።

የአፋር አርብቶ አደር መኖሪያ የሆነው አሪም ከኩባንያዎቹ ቤት ጋር ሲነጻጸር የሚያስተምረው ነገር አለ። አሪ ከጎበጡ እንጨቶችና ከሰሌን ምንጣፍ የሚሠራ፣ ሴቶች የሚያቆሙት፣ ተነቅሎ በግመል የሚጫን ቤት ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ወይም ግጦሽ ሲያልቅ ቤቱም ከባለቤቱ ጋር ይጓዛል። ኩባንያዎቹ ግን በረሃው ላይ ቋሚ መንደር ተከሉ። ቋሚው መንደር ባዶ ሲቀር፣ ተንቀሳቃሹ አኗኗር እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ፖታሹ ዛሬም ከመሬት በታች ነው

ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያ አፈር በፖታሲየም የበለጸገ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ለአርሶ አደሩ ይቀርብ የነበረው በዋናነት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተካሄደው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ጥናት ግን በአንዳንድ አካባቢዎች ፖታሲየምን ጨምሮ ሌሎች ንጥረ ነገሮችም እንደሚጎድሉ አሳየ። ከዚህ በኋላ ቅይጥ ማዳበሪያዎች ወደ አገልግሎት ገቡ። አገሪቱ ማዳበሪያዋን የምትሸምተው ግን አሁንም በውጭ ምንዛሪ ነው።

በደናክል የፖታሽ ክምችት ላይ አዲስ ፍላጎት ያሳዩ ኩባንያዎች ነበሩ። በ2015 የአንድ የካናዳ ኩባንያን ይዞታ የገዛ የእስራኤል ኩባንያ በቀጣዩ ዓመት ፕሮጀክቱን ማቋረጡን አስታውቋል። የኖርዌዩ ያራም በዓመት 600 ሺህ ቶን ፖታሲየም ሰልፌት የማምረት ዕቅድ ይዞ ጥናት አካሂዷል። በ2017 በጅቡቲ የተመረቀው የታጁራ ወደብ ሲገነባ ከታሰቡለት አገልግሎቶች አንዱ የኢትዮጵያን ፖታሽ መላክ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት የተነሣው ጥያቄ ስሙን ብቻ ቀይሮ እንደገና መጣ፦ ማዕድኑ በምን መንገድ፣ በየትኛው ወደብ፣ በስንት ዋጋ ይወጣል?

ፍርስራሹን ማቆየት

በ2022 ዓለም አቀፉ የሥነ ምድር ሳይንስ ኅብረት የመጀመሪያዎቹን 100 የዓለም የሥነ ምድር ቅርሶች ሲመርጥ የደናክል ስምጥ ስፍራ በዝርዝሩ ተካትቷል። ትኩረቱ ግን በእሳተ ገሞራውና በጨው ሜዳው ላይ ነው። የመንደሯ ፍርስራሽ ብዙውን ጊዜ ጎብኚዎች በመንገዳቸው ፎቶግራፍ አንሥተውት የሚያልፉት ነገር ሆኖ ቀርቷል።

የጨው ቤት እንደ ድንጋይ ቤተ መንግሥት በቀላሉ አይጠገንም። ውሃ የነካው ጥገና ራሱ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እያንዳንዱን ግድግዳ መለካት፣ በፎቶግራፍ መመዝገብና በመንደሯ የሠሩ ሰዎችን ትዝታ ከአረጋውያን አፍ መሰብሰብ ነው። ለአካባቢው የተሠማሩ አስጎብኚዎችም የመንደሯን ታሪክ ከፍል ውሃዎቹ ታሪክ ጋር አያይዘው ቢናገሩ ጠቃሚ ነው። ጎብኚዎች በበኩላቸው በግድግዳዎቹ ላይ ከመውጣትና ጡብ ወይም የብረት ስብርባሪ ለማስታወሻ ብለው ከመውሰድ መቆጠብ ይኖርባቸዋል። ስፍራውን ለማየት ሙቀቱ ረገብ የሚልባቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ይመረጣሉ፤ ያለ አካባቢው መሪ መንቀሳቀስ ግን ለሕይወት አደገኛ ነው።

አዲስ የማዕድን ሥራ አንድ ቀን ቢጀመር የመጀመሪያው መንገድ የሚጠረገው በእነዚህ አሮጌ ግድግዳዎች አጠገብ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጡቦቹ ከመንገድ ላይ የሚነሡ ፍርስራሽ ሆነው ይቆጠሩ ይሆን፣ ወይስ ከእነርሱ በፊት የተሞከረውንና ያልተሳካበትን ምክንያት የሚያስታውሱ ምስክሮች? መልሱ የሚወሰነው ግድግዳዎቹ ቆመው ሳሉ በሚደረገው ምዝገባ ነው።