ክፍት ቱቦ ወይስ ድፍን ቱቦ? የሜልቦርን ታላቅ ቴሌስኮፕ የተገዛበት ታሪክ

አንድ መንግሥት ወይም አንድ የትምህርት ተቋም ትልቅ ቴሌስኮፕ፣ ማለት የሩቅ ማያ መነጽር፣ ለመግዛት ሲያስብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመስተዋቱን ስፋትና የዋጋውን ልክ ነው። መስተዋቱን የሚሸከመው ቱቦ ግን እንደ መጽሐፍ ማኅደር ብቻ ተቈጥሮ ይታለፋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን በታሪክ ማስረጃ ማሳየት ነው። ለምሳሌ የተመረጠውም በ19ኛው መቶ ዓመት ለአውስትራልያ ከተማ ለሜልቦርን የተገዛው ታላቅ ቴሌስኮፕ ነው። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብ።

በመጀመሪያ የነገሩን ምክንያት መረዳት ያስፈልጋል። ድፍን ቱቦ ማለት ዙሪያው በሙሉ በብረት ወይም በእንጨት የተሸፈነ ነው። ክፍት ቱቦ ደግሞ እንደ ጎጆ ቤት ማገር በተያያዙ ብረቶች ብቻ የቆመና ነፋስ በመካከሉ የሚያልፍበት ነው። ሌሊት ሲሆን አየሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከባዱ መስተዋት ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ይቆያል። ከመስተዋቱ የሚነሣው ሙቅ አየር በድፍን ቱቦ ውስጥ እንደ ጢስ በጭስ መውጫ እየተጥመለመለ ይወጣል። የኮከቡም ብርሃን በዚሁ አየር ውስጥ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ ከእሳት በላይ አሻግሮ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በሌላ ወገን ድፍን ቱቦ አቧራንና ጤዛን ይከላከላል፤ ከጎን የሚመጣውንም ብርሃን ያግዳል። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ክርክር ነበራቸው።

የቀድሞዎቹ ትልልቅ መሣሪያዎች ድፍን ነበሩ። ዊልያም ሄርሽል በእንግሊዝ አገር በስላው ላይ በንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ገንዘብ ሠርቶ በ1789 የፈጸመው ቴሌስኮፕ 40 ጫማ ርዝመት ያለው የብረት ቱቦና 4 ጫማ ስፋት ያለው መስተዋት ነበረው። ሥራው ሳይፈጸም ቱቦው በመሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ እንግዶች በውስጡ እየተራመዱ ያልፉ እንደ ነበር ይነገራል። ሄርሽል የሚመለከተው በቱቦው አፍ አጠገብ ቆሞ ስለ ነበር የመስተዋቱ ሙቀት ብቻ ሳይሆን የሰውነቱም ሙቀት በብርሃኑ መንገድ ላይ ይገባ ነበር። ይህ መሣሪያ የሳተርንን ጨረቃ ኤንሰላደስን ቢያሳይም፣ ሄርሽል ራሱ ለዕለት ሥራው ይመርጥ የነበረው 20 ጫማ የሆነውን ታናሹን ነው።

ከእርሱ በኋላ የሮስ ጌታ በአየርላንድ በፓርሰንስታውን በ1845 ሥራ ያስጀመሩት ቴሌስኮፕ 6 ጫማ ስፋት ያለው መስተዋት ነበረው። ቱቦው እንደ ትልቅ በርሜል ከእንጨት ሳንቃ ተገጣጥሞ በብረት ቀለበት የታሰረ ነበር። በዚህም መሣሪያ የአንዳንድ ኔቡላዎች ቅርጽ እንደ አዙሪት መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ነገር ግን ያ ከባድ ቱቦ በሁለት ረጃጅም ግንቦች መካከል ተንጠልጥሎ ስለ ነበር ወደ ጎን እንደ ልብ ሊዞር አልቻለም።

ነገሩን የለወጠው የሊቨርፑሉ ጠማቂ ዊልያም ላሰል ነው። ላሰል በቢራ ንግድ ያገኘውን ሀብት በሰማይ ምርምር ላይ ያዋለ ሰው ሲሆን፣ በ1861 የ4 ጫማ ቴሌስኮፕ ወደ ማልታ ደሴት ወስዶ ተከለ። ቱቦውን ያበጀው ከጠፍጣፋ ብረቶች ሲሆን በብረቶቹ መካከል ባዶ ቦታ ትቶ ነበር። ሙቁ አየር በቱቦው ውስጥ ሳይታፈን በጎን እንዲወጣ ተደረገ ማለት ነው። በዚህ ክፍት መሣሪያ ላሰልና ረዳቱ አልበርት ማርት 600 የሚያህሉ አዳዲስ ኔቡላዎችን መዘገቡ።

የሜልቦርን ግዥ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ጆን ሄርሽል ከ1834 እስከ 1838 በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ሆኖ የደቡብን ሰማይ ኔቡላዎች ሥሎ ነበር። እነዚህ ኔቡላዎች ከዚያ ወዲህ መልካቸውን ለውጠው እንደ ሆነ ለማወቅ በደቡብ ትልቅ ቴሌስኮፕ እንዲተከል የለንደን ሮያል ሶሳይቲ ከ1850ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይመክር ነበር። የክራይሚያ ጦርነት ጉዳዩን አዘገየው። በ1860ዎቹ ግን በወርቅ የበለጸገችው የቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት ራሷ 5000 ፓውንድ ያህል ልትከፍል ተነሣች። ምክራቸው ከተጠየቁት ሊቃውንት መካከል የአርማው ቶማስ ሮቢንሰን፣ ጆን ሄርሽል፣ የሮስ ጌታና ላሰል ይገኙባቸዋል። የድፍኑ ቱቦ ባለቤትና የክፍቱ ቱቦ ባለቤት በአንድ ጉዳይ ምክር ሰጡ ማለት ነው።

ለሥራው የተመረጠው የደብሊኑ ቶማስ ግረብ ሲሆን፣ የተገኘው ውሳኔ ሁለቱን ሐሳቦች ያስታረቀ ነበር። 4 ጫማ የሆነውን መስተዋት የሚይዘው የቱቦው የታችኛው ክፍል ከድፍን የብረት ሰሌዳ ተሠራ፤ የላይኛውና ረጅሙ ክፍል ግን እንደ መረብ ከተጠላለፉ ብረቶች ተበጀ። ቱቦው ቀለል ያለና ጠንካራ ሆነ፤ አየሩም መውጫ አገኘ። በዚህ ነጥብ ላይ ገዢዎቹ እንዳልተሳሳቱ መመስከር ይገባል።

ቴሌስኮፑ በ1868 መጨረሻ ሜልቦርን ደረሰ፤ በ1869ም ሥራ ጀመረ። ነገር ግን የተጠበቀውን ያህል ፍሬ አላፈራም። ምክንያቱ ምን ነበር?

የመጀመሪያው ምክንያት ቤቱ ነው። ቴሌስኮፑ የተተከለው በሚዞር ጉልላት ሥር ሳይሆን ጣራው በሐዲድ ላይ ተንሸራትቶ በሚገለጥ ቤት ውስጥ ነበር። ጣራው ሲገለጥ ረጅሙ ቱቦ በነፋስ መካከል ራቁቱን ይቀራል። መረቡ ነፋሱን በከፊል ቢያሳልፍም ምስሉን ከመንቀጥቀጥ አላዳነውም። ክፍት ቱቦ በውስጥ ያለውን አየር ጸጥ ያደርጋል እንጂ በውጭ ያለውን ነፋስ አያቆምም።

ሁለተኛውና የከፋው ምክንያት መስተዋቱ ነው። የተሠራው እንደ ቀድሞው ልማድ ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅልቅል ነበር። ይህ ማዕድን ሲደበዝዝ እንደገና መወልወል አለበት፤ መወልወል ማለት ደግሞ የመስተዋቱን ቅርጽ እንደ አዲስ ማበጀት ነው። በሜልቦርን ይህን ጥበብ በሚገባ የሚያውቅ ሠራተኛ አልነበረም። የመንግሥቱ የከዋክብት ተመልካች ሮበርት ኤለሪ በኋላ ራሱ ተምሮ መወልወል ግድ ሆነበት። በዚያው ዘመን ግን በፓሪስ ሌዮን ፉኮ ከ1857 ጀምሮ ብርጭቆን በብር ለብጦ መስተዋት መሥራት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ብርጭቆ ሲሆን ቅርጹ ሳይነካ የብሩን ሽፋን ብቻ ማደስ ይበቃል። አማካሪዎቹ በትልቅ መጠን ያልተፈተነውን አዲስ ነገር ፈርተው የታወቀውን መረጡ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ለቱቦው ደፋር የሆኑት ሰዎች ለመስተዋቱ ፈሪዎች ሆኑ፤ ስለ ቤቱም አጥብቀው አላሰቡም። ቱቦውን ለብቻው ብንመዝን ትክክል ነበር፤ ቱቦን፣ መስተዋትንና ቤትን በአንድ ሚዛን ብናስቀምጥ ግን ግዥው ጎደሎ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ጉድለት በግልጽ ከጻፉት አንዱ አሜሪካዊው ጆርጅ ሪቺ ነው። ሪቺ በ1904 የሜልቦርን ቴሌስኮፕ አለመሳካት ለመስተዋት ቴሌስኮፖች ሁሉ ትልቅ ጉዳት እንደ ነበረ ገልጿል። ተችቶም ብቻ አልቀረም። በ1908 በካሊፎርኒያ በማውንት ዊልሰን ሥራ ለጀመረው የ60 ኢንች ቴሌስኮፕ መስተዋቱን የሠራው እርሱ ነው፤ ይህም መሣሪያ በብር የተለበጠ ብርጭቆ፣ ክፍት ቱቦና በላዩ የሚዞር ጉልላት በአንድነት ነበሩት። በ1948 በተመረቀው በፓሎማር የ200 ኢንች ቴሌስኮፕ ደግሞ መሐንዲሱ ማርክ ሰሩሪየር የክፍቱን ቱቦ ብረቶች በሦስት ማዕዘን አያያዛቸው። ቱቦው ሲያዘነብል የላዩና የታቹ ጫፍ በእኩል መጠን ስለሚጎብጡ መስተዋቶቹ ከመስመራቸው አይወጡም። እንግዲህ ክፍት ቱቦ ያሸነፈው ለአየር ስለሚመች ብቻ ሳይሆን ለከባድ መሣሪያ ጥንካሬን ከቀላልነት ጋር ስለሚያጣምር ነው።

ሆኖም ድፍን ቱቦ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በዚያው በፓሎማር በ1948 ሥራ የጀመረው የሽሚት ቴሌስኮፕ በአፉ ላይ የብርጭቆ መክደኛ ያለበት ድፍን ቱቦ አለው፤ ሰፊ ሰማይ ፎቶግራፍ ለማንሣት የተሠራ ስለ ሆነ የውጭ ብርሃን እንዲገባበት አይፈለግም። ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ሳይሆን «ለምን ሥራ፣ በየትኛው ቤት፣ በማን ጠባቂነት?» ብሎ ነው።

የሜልቦርን ቴሌስኮፕ ፍጻሜ ይህንኑ ያስረዳል። የሜልቦርን መመልከቻ በ1944 ከተዘጋ በኋላ መሣሪያው ወደ ካንቤራ፣ ወደ ስትሮምሎ ተራራ ተወሰደ። በዚያም የብርጭቆ መስተዋትና ጉልላት አግኝቶ በ1990ዎቹ በጽኑ ምርምር ላይ ዋለ። በጥር ወር 2003 የደን ቃጠሎ አቃጠለው፤ የተረፈውን ብረት ግን ወደ ሜልቦርን መልሰው ለመጠገን ሠራተኞች ተነሥተዋል። የግረብ ብረት ጥሩ ነበር፤ ያጣው ጥሩ ባልንጀራ ነበር።

በአገራችን በእንጦጦ ተራራ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ወደ ፊት ከእነዚህ የሚበልጥ የሚገዛ ትውልድ ሲነሣ የመስተዋቱን ስፋት ብቻ እየለካ እንዳይቀር ይህ ታሪክ ሊያስታውሰው ይችላል። ነፋሱን፣ ጤዛውን፣ አቧራውንና ከሁሉ በላይ መሣሪያውን የሚያድሰውን ሠራተኛ አስቀድሞ ያልቈጠረ ገዢ ዋጋውን ቈጥሯል ለማለት አይቻልም።