ለጌም ኮምፒውተር ሁለት ግራፊክስ ካርድ ወይስ አንድ? ብር ከመላካችሁ በፊት አንብቡት

ብቸና ወይም ሞጣ ሆኖ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር መገጣጠም እዚያው ሱቅ ገብቶ እንደመግዛት ቀላል አይደለም። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ነው የሚመጣው። ብሩ በባንክ ይላካል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ይመጣል። ከተሳሳታችሁ ዕቃውን ይዞ በደጀን አድርጎ አዲስ አበባ መመለስ ሌላ ወጪ ነው። ዋጋውም ቀልድ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ከውጭ የሚገባ ካርድም አብሮ ነው የጨመረው።

ብዙ ልጆች "አሁን አንድ ርካሽ ካርድ ልግዛ፣ ብር ሳገኝ ሁለተኛ እጨምርበታለሁ" ይላሉ። እኛም በአንድ ወቅት እንደዚያ አስበን ነበር። ስለዚህ አጭሩን መልስ እናስቀድም፦ ለጌም ከሆነ አንድ ጥሩ ካርድ ግዙ። ሁለት ካርድ መቀናጀት ለጌም ያበቃለት ነገር ነው። ለምን? እንየው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ሁለት ካርድ አገናኝቶ ማጫወት ውሸት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ሁለት "ቩዱ 2" ካርዶችን አገናኝቶ ማሠራት ጀመረ። የዚህን ኩባንያ አብዛኛውን ንብረት የገዛው ኤንቪዲያ በ2004 "ኤስኤልአይ" የሚለውን ስም ለራሱ ቴክኖሎጂ አወጣ። በ2005 ደግሞ ኤቲአይ (በኋላ ኤኤምዲ የገዛው) "ክሮስፋየር" ብሎ ተከተለ። ዩቲዩብ ላይ የምታዩዋቸው ባለ ሁለት ካርድ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ናቸው።

ታዲያ ለምን ተተወ?

የገበሬ አገር ልጆች ስለሆንን በበሬ እንየው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ሁለቱ በሬዎች አብረው የሚያርሱት ግን ቀንበር ስላለ ነው። ለሁለት ካርድ ቀንበሩ ሶፍትዌሩ ነው። ጌሙ ሁለቱን እንዲያሠራ ሆኖ ካልተሠራ ሁለተኛው ካርድ ሥራ ፈትቶ መብራት ይበላል።

ቀንበሩ ቢኖርም ችግር አለ። የተለመደው አሠራር ምስሎቹን በየተራ መሥራት ነበር፦ አንደኛው ካርድ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን ምስል ይሠራል፤ ሌላው 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን። የምስሎቹ መምጫ ሰዓት እኩል ካልሆነ ቁጥሩ 60 ፍሬም እያሳየ ዓይናችሁ ግን መቆራረጥ ያያል። አንዱ ካርድ ፈጣን አንዱ ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ፈጣኑ ቀርፋፋውን ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የዛሬ ጌሞች አሠራር ነው። አዲሱን ምስል ለመሥራት ካለፈው ምስል መረጃ ይወስዳሉ። ያለፈው ምስል ደግሞ ያለው ሌላኛው ካርድ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ጌም ሠሪዎች ተዉት፤ ካርድ ሠሪዎችም ተከተሉ። ኤኤምዲ በ2019 ባወጣው አርኤክስ 5700 ላይ ክሮስፋየር የለም። ኤንቪዲያ ከጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለኤስኤልአይ አዲስ ፕሮፋይል መሥራት አቁሟል። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ማገናኛ ቦታው ራሱ የለውም።

4 ሲደመር 4፣ 8 አይደለም

ይህ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። በኤስኤልአይም ሆነ በክሮስፋየር የጌሙ መረጃ በሁለቱም ካርድ ላይ ይገለበጣል። ባለ 4 ጂቢ ሁለት ካርድ ብትሰኩ ጌሙ የሚያገኘው 4 ጂቢ ነው።

ካርዳችሁ ራሱ ላይፈቅድ ይችላል

ገበያ ላይ በብዛት የሚጠሩት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 1060፣ 1650 እና 1660 ኤስኤልአይ አይቀበሉም። ከ10ኛው ተከታታይ የሚቀበሉት 1070 እና ከዚያ በላይ ያሉት ናቸው። ስለዚህ "ሁለት 1060 እናገናኝልሃለን" የሚላችሁ ሰው ካለ ወይ አያውቅም ወይ እየሸወዳችሁ ነው።

ፓወር ሰፕላዩን ቀድማችሁ እዩ

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከቢሮ በወጣ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ዴስክቶፕ ነው። የእነዚህ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 እስከ 320 ዋት ነው። አሁን እናስላ፦ አንድ አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት ይፈልጋል። ሁለት ከሆነ 370። ፕሮሰሰሩ ገና አልተቆጠረም!

ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር የሚሆነው ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው፤ ለምሳሌ 1050 ቲአይ ወይም 1650። ተጨማሪ የመብራት ገመድ የሚጠይቅ ሞዴልም ስላለ ፎቶውን አይታችሁ አረጋግጡ። ኬሱ ቀጭን ከሆነ አጭሩን ዓይነት፣ "ሎው ፕሮፋይል" የሚባለውን ጠይቁ።

👉 ከሳታ ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይር አዳፕተር አትጠቀሙ። የሳታ ማያያዣ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒኑ እስከ 75 ዋት ይስባል። ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

አንድ ካርድ ምን ያህል ያጫውታል?

ለጂቲኤ 5 ሠሪዎቹ የመከሩት ካርድ ጂቲኤክስ 660 ባለ 2 ጂቢ ነበር። ኤፍሲ 24 ቢያንስ የሚጠይቀው 1050 ቲአይ ነው፤ የሚመከረው 1660። እንግዲህ የብዙ ልጅ ጥያቄ በአንድ መካከለኛ ካርድ ይመለሳል። ለሁለተኛው ካርድ ያሰባችሁትን ብር ጥሩ ፓወር ሰፕላይ፣ ራም እና ኤስኤስዲ ላይ አውሉት። መብራት ሄዶ ሲመጣም ካርዱን የሚያድነው ስታቢላይዘር እንጂ ሁለተኛ ካርድ አይደለም።

ያገለገለ ስትገዙ እንዳትሸወዱ

👉 "1050 ቲአይ" ተብሎ የቪጂኤ ወደብ ካለው ይጠርጠር። እውነተኛው የ10ኛው ተከታታይ ካርድ ቪጂኤ አያወጣም። አሮጌ ካርድ ስሙ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

👉 ሻጩ "ጂፒዩ-ዚ" የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ በቪዲዮ ኮል ያሳያችሁ። ብዙዎቹን የተቀየሩ የኤንቪዲያ ካርዶች "ፌክ" ብሎ ያጋልጣል።

👉 "ፒ106" የሚባለው ካርድ ለክሪፕቶ ማይኒንግ የተሠራ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ስክሪን የሚሰካበት ወደብ የለውም።

👉 1060 ባለ 3 ጂቢው በሜሞሪ ብቻ ሳይሆን በጉልበትም ከባለ 6 ጂቢው ያንሳል። አርኤክስ 580 "2048ኤስፒ" የሚል ከተጨመረበትም ከመደበኛው 580 ደካማ ነው።

👉 ጌም ከፍቶ ለግማሽ ሰዓት ያሠራው። ድራይቨሩንም በፍላሽ አብሮ ይላክላችሁ፤ ኔት ሲጠፋ ፍለጋ አትገቡም።

ላፕቶፔ ሁለት ጂፒዩ ያሳያል፣ ታዲያስ?

ታስክ ማናጀር ላይ "ጂፒዩ 0" እና "ጂፒዩ 1" ካያችሁ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው፣ ሌላው ዋናው ካርድ ነው። ጌም ላይ ጉልበታቸው አይደመርም። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጌሙ በዋናው ካርድ እንዲሠራ ምረጡ። ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ሰኩት። "ካርድ ገዝቼ ምንም ለውጥ የለም" የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይቺ ናት።

ሁለት ካርድ የሚጠቅመውስ መቼ ነው?

በብሌንደር 3ዲ አኒሜሽን ለሚሠራ ወይም የኤአይ ሞዴል በራሱ ኮምፒውተር ለሚያሠራ ሰው ሁለት ካርድ ዛሬም ይጠቅማል። እዚያ ሥራው ተከፋፍሎ ይሠራል።

ጌም ቤት ለመክፈት ላሰባችሁም ስሌቱ ሌላ ነው። ሁለት ካርድ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከመሰካት ለሁለት ኮምፒውተር አከፋፍሏቸው። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ደንበኛ፣ ሁለት ሒሳብ ይሆናል። አንዱ ቢበላሽ እንኳ ሌላው ይሠራል።

በአንድ ካርድ ጀምራችሁ ወደፊት ብር ስታገኙስ? አሮጌውን ሽጣችሁ በተሻለ አንድ ካርድ ለውጡት። መንገዱ ይኸው ነው።

ካርድ ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ብሩን ከመላኩ በፊት ይህን ሼር አድርጉለት። የኮምፒውተራችሁን ሞዴልና የፓወር ሰፕላዩን ዋት ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ የሚሆነውን ካርድ አብረን እናያለን።