ከጠመኔ ወደ አጉሊ መነጽር

የማኅበረሰብ አገልግሎት ሲነሣ እኛ የጎንደር ልጆች ትንሽ ደረታችንን እንነፋለን፤ ምክንያትም አለን። ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት የደምቢያው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ ያቋቋመው ይህ ትምህርት ቤት ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን አንድ ላይ አስተምሮ አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ዛሬም ቡድን ሥልጠና የምንለው ከዚያ የወረስነው ነው። ቆላ ድባ ወጥቶ የኩሬ ውኃ በብርጭቆ ቀድቶ፣ የትንኝ እጭ ሲገላበጥ ለትምህርት ቤት ልጆች ያሳየ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። እኔም አሳይቻለሁ። ልጆቹ ስለ ወባ የነገርናቸውን ይርሱት አይርሱት አላውቅም፤ ያቺን እጭ ግን አይረሷትም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የምኖርበት ሰፈር፣ ጀሞ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የአገራችን ተማሪ ለልጆች ምን ይዞ ይሄድ እንደነበር ወደ ኋላ ማየት ያስፈልጋል።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ወጥቶ እንዲሠራ ያዝ ነበር፤ አብዛኛውም የተመደበው ለማስተማር ነው። የውዴታ ግዴታ ነበር ብል የዘመኑ ሰዎች የሚቀየሙኝ አይመስለኝም። ያጉረመረመ ነበር፤ ወዶት የቀረም ነበር። በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ብዙዎቹ ህንዶችና የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ስለነበሩ፣ የአገሩ ልጅ ሆኖ ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምር ወጣት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማየት ራሱ ትምህርት ነበር።

ከዚያ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. እድገት በኅብረት መጣ። 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። ዘመቻው በብዙ ቤት ውስጥ ቁስል ትቶ አልፏል፤ እሱን የታሪክ ሰዎች ይጻፉት። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። መጀመሪያ በአምስት ቋንቋ፣ በኋላም በ15 ቋንቋ ተማረበት፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት አስገኘ። እናቶቻችን ስማቸውን መጻፍ የቻሉት፣ የጣት ፊርማ ያስቀሩት በዚያ ነው።

በእነዚህ ሁሉ የተማሪው እጅ ላይ የነበረው ጠመኔ ነው። የጎደለው ፊደል ስለነበር መሣሪያውም ትክክል ነበር። የኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ፊደሉ ከገባ በኋላም በጠመኔው መቀጠላችን። ሳይንስ በሰሌዳ ተጽፎ፣ ተቀድቶ፣ ተሸምድዶ ለፈተና የሚሰጥ ነገር ሆኖ ቀረ።

ደግሞ ምሳሌ አጥተን አይደለም። አገልግሎቱ በተጀመረበት በዚያው በ1950ዎቹ አጋማሽ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ እንደሚገኝ አዩ። ለምን? ብለው ጠየቁ፤ ሞከሩ፤ አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙበት ሥራ መነሻው ይህ ነው። እንዶድ የማያውቅ፣ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ያላየ የአገራችን ልጅ ጥቂት ነው። ማየቱ ላይ ችግር የለም፤ ያየኸውን ጠይቅ፣ ንካ፣ ሞክር የሚለው ሰው ነው የጠፋው።

የኔ ታናናሾች ጊዜ ነገሩ ባሰ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፕላዝማ ገባ፤ የኬሚስትሪ ሙከራ በቴሌቪዥን፣ በእንግሊዝኛ፣ ሳይቆም ያልፍ ጀመር። ወዲያው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 ከመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ይሂድ ተባለ። ቢሮ ውስጥ ሲታሰብ ጥሩ ነው፤ ቡሬት በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ግን ኢንጂነሪንግ ገባ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 ከመቶ መሆናቸውን ሰማን። አገር ደነገጠ። እኔ የደነገጥኩት በቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቶቼ ልጆች ከውስጡ ስለነበሩ ነው።

ጀሞ አዲስ ሰፈር ነው። የእርሻ መሬት ነበር፤ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ዕጣ የወጣለት ከየአቅጣጫው መጥቶ ገባበት። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ስለሚከለክላቸው ልጆቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው ይውላሉ። ሐምሌ ላይ ከየዩኒቨርሲቲው የሚመለሱት ወጣቶች እንደ ሌላው ከተማ የክረምት በጎ ፈቃድ ጀመሩ፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ ጠመኔና ሰሌዳ። በሁለተኛው ሳምንት ከ50ው ልጅ ግማሹ ቀረ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሌላ ትምህርት ቤት ማን ይፈልጋል?

ከተማሪዎቹ አንዷ የሕክምና ሦስተኛ ዓመት ነበረች። ከሉካንዳ የበግ ሳንባ ከነጉሮሮው ገዝታ በፌስታል ይዛ መጣች። ቦታው የጋራ መጠቀሚያው ቤት፣ በግ የምናርድበትና ድግስ የምንሠራበት ነው፤ ከዚያ የተሻለ ቤተ ሙከራ ከየት ይመጣል? እኔን የጠሩኝ ለጓንትና ለንጽሕና ነበር። በአፍ አይነፋም አልኩ፤ የብስክሌት መንፊያ መጣ። ያ ኩምትር ያለ ሥጋ ሲነፋ፣ ቀለሙ እየፈካ ጠረጴዛውን ሲሞላ፣ ልጆቹ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ከዚያ ተጋፍተው መጡ። እናቷ አስም ያለባት አንዲት ልጅ፣ «ዶክተር፣ የእማዬ የሚዘጋው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። በማግሥቱ እናትየው ራሷ መጣች፤ የምትነፋውን መድኃኒት አሳየችኝ፤ አጠቃቀሙን ማንም አስተካክሎ አላሳያትም ነበር።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ሙስሊሞቹ ልጆች «የኛ ሉካንዳ ክፍት ነው» ብለው ተከራከሩ፤ ተማሪዎቹ ግን ሁሉም እጁን የሚያስገባበት ይሁን ብለው ወደ ከርከዴ ዞሩ። የከርከዴ ውኃ በሎሚ ይቀላል፤ በአመድ ውኃ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ልጆቹ ከቤት ያላመጡት ነገር የለም፤ ኦሞ፣ አቼቶ፣ ጨው፣ የአያት ኮሶ ሳይቀር። አስተማሪዎቹ መልሱን የማያውቁት ጥያቄ መጣ፤ ደስ ያለኝ ይኼ ነው።

ከዚህ ሰፊ ጥረትም አለ። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት መጀመሪያ ቢሾፍቱ ፎቃ ላይ፣ ቀጥሎም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ቤተ ሙከራ ከፍቷል። መልካም ሥራ ነው። ግን በአብዛኛው የሚገቡት በውጤታቸው የተመረጡ ከፍ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ደረጃው ላይ የሚውለው የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጋ የሚደርሰው ጎረቤቱ የሆነ ተማሪ ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ደካማ ጎኑ ደግሞ እሱው ነው። ዘመቻዎቹን መንግሥት ይዟቸው ነበር፤ ይኼን የያዘው የለም። መስከረም ሲጠባ ተማሪዎቹ ይሄዳሉ፤ ከመካከላቸው የተመረቀው አይመለስም። የጋራ ቤቱም የኛ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ ከመጣ ትምህርት የለም፤ እንዲህም መሆን አለበት። ግዴታ ይሁን፣ ነጥብ ይሰጥበት የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ አልስማማም፤ በነጥብ የመጣ ተማሪ ሳንባ በፌስታል አይሸከምም። ዕቃው ግን በአንድ ሰው ኪስ መሆኑ መቆም አለበት።

በየትምህርት ክፍሉ መጋዘን «ይወገድ» ተብለው አቧራ የሚጠጡ አሮጌ ማይክሮስኮፖች እንዳሉ መምህራኑ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። የማስወገዱ ደንብ እንደሚያስቸግርም አውቃለሁ፤ በውሰት መስጠት ግን የሚቻል ይመስለኛል፤ ማኅበራችን ፈርሞ ቢቀበል ይቀላል። አምፖል ያለው ቢሆን ይመረጣል። እኛ ጋ ያለው ብርሃን የሚሰበስበው በመስተዋት ነው፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ጀሞ ፀሐይ የለም። ባትሪ ከስር አስረን ነው ያሳየናቸው፤ ለ40 ልጅ አንዱን፣ በሰልፍ።