መስፍኑ ያወገዘው የወይን ተክል

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1395 በፈረንሳይ የምትገኘው የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ፣ በቅጽል ስሙ «ደፋሩ»፣ በአንድ የወይን ተክል ላይ አዋጅ አስነገረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) የተክሉ ስም ጋሜ ነው። መስፍኑ ክፉና ከሃዲ ብሎ አወገዘው፤ ከእሱ የሚጠመቀው ወይን ጠጅ ይመራል፣ ለሰው ጤናም አይበጅም አለና ከግዛቱ ተነቅሎ እንዲጠፋ አዘዘ። ምርት ያበዛል፣ ጣዕም ያበላሻል በሚል በወይን ማሳ ላይ ፍግ መበተንንም ከለከለ።

ገበሬው ግን ጋሜን የወደደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የገባው ታላቁ ቸነፈር ሰውን ስለፈጀ የሠራተኛ እጅ ጠፍቶ ነበር። መሳፍንቱ የሚያከብሩት ፒኖ ኑዋር ብዙ እንክብካቤ የሚፈልግ፣ ፍሬ የሚቆጥብ ተክል ነው። ጋሜ ከእሱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ይበስላል፤ ፍሬውም ብዙ ነው። ለመስፍኑ የቡርጎኝ ወይን በጳጳሳትና በነገሥታት ማዕድ ላይ የሚቀርብ የግዛቱ ክብር ነበር። ለገበሬው ወይን የዓመት ጉርሱ ነው። የመስፍኑ ስጋት መሠረት አልነበረውም አልልም፤ በለም መሬት ላይ ያለ ልክ እንዲያፈራ የተለቀቀ ጋሜ በእርግጥም ውሃ ውሃ የሚል ወይን ይሰጣል። ነገር ግን የክብሩን ዋጋ ክፈል የተባለው ከማዕዱ የማይቀርበው ድሃ ነበር።

የጋሜ ወላጆች እነማን እንደሆኑ የታወቀው ከአዋጁ 600 ዓመት በኋላ ነው። በ1999 የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳረጋገጠው ጋሜ የተወለደው ከዚያው ከተከበረው ፒኖ እና ጉዌ ብላን ከሚባል፣ ማንም ከቁብ ከማይቆጥረው የባላገር ተክል ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚወደሰው ነጩ ሻርዶኔም የእነዚሁ የሁለቱ ልጅ ነው። በእኛ አገር በዝዋይ በካስቴል እርሻ የሚለማው ሻርዶኔ እንግዲህ የጋሜ ወንድም መሆኑ ነው። ከአንድ እናትና አባት የወጡ ሁለት ተክሎች፣ አንዱ የመሳፍንት ጌጥ፣ ሌላው ውጉዝ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ጋሜ ከቡርጎኝ ጨርሶ ባይጠፋም እውነተኛ ቤቱን ያገኘው ወደ ደቡብ፣ ከሊዮን ከተማ በላይ ባሉት የቦዦሌ ኮረብቶች ላይ ነው። እዚያ የሚገዙት የቦዦ ጌቶች ነበሩ፤ የቡርጎኙ አዋጅ እዚያ አይደርስም ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አፈሩ ሌላ ነው። የቡርጎኝ ኮረብታ ኖራ ድንጋይ ሲሆን የሰሜን ቦዦሌ ኮረብታ ግን በአብዛኛው የፈረፈረ ግራናይት ነው። ደሃው ግራናይት የጋሜን ያለ ልክ ማፍራት ይገታል፤ ሥሩም ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ፍሬው ሲቀንስ ጣዕሙ ይሰበሰባል። በቡርጎኝ ጥፋቱ የነበረው ፍሬያማነት በቦዦሌ በረከቱ ሆነለት።

ወይኑን ከሚያለሙት የአብዛኞቹ መሬት ግን የራሳቸው አልነበረም። እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ድረስ በቦዦሌ የዘለቀው ሥርዓት እኛም በደንብ የምናውቀው የእኩል አራሽነት ነበር፤ ቤተሰቡ ተክሉን ይገርዛል፣ ይኮተኩታል፣ ይለቅማል፤ ከምርቱ እኩሌታው የባለርስቱ ነው። የወይኑ መዳረሻ ሊዮን ነበረች። ሊዮኖች ከተማችን ሦስት ወንዞች አሏት ይላሉ፦ ሮን፣ ሶን እና ቦዦሌ። በትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ታቹ ወፍራም በሆነ የ46 ሴንቲሊትር ጠርሙስ እየተቀዳ በሠራተኛው ገበታ ላይ ይቀርባል።

መከራም አልቀረለትም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንድ አባጨጓሬ ማሳውን ሲያወድም ቤኗ ራክሌ የሚባል የሮማኔሽ ሰው፣ ከቤቱ ሙቅ ውሃ በሚደፋበት ቦታ ያለ አንድ ተክል ብቻ ደህና መሆኑን አስተዋለ ይባላል። ከዚያ በኋላ ተክሎቹን በክረምት በፈላ ውሃ ማጠብ የአገሩ ልማድ ሆነ። ቀጥሎ ሥር የምትመጥ ፊሎክሴራ የተባለች ነፍሳት ከአሜሪካ መጥታ የፈረንሳይን ወይን ስትጨርስ፣ የሺሩብሉ ሰው ቪክቶር ፑልያ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማጣበቅን አስተማረ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በተወዳጅነት ነው። በ1951 የዓመቱ ወይን በኅዳር ወር ገና ትኩሱን እንዲሸጥ ተፈቀደ፤ ቦዦሌ ኑቮ የሚባለው ይህ ነው። ነጋዴው ዦርዥ ዱቤፍ በዓለም ሁሉ አስተዋወቀው፤ ከ1985 ጀምሮ የኖቬምበር ሦስተኛ ሐሙስ የሽያጭ ቀኑ ሆነ፤ ከፓሪስ እስከ ቶኪዮ በአውሮፕላን ይጫን ጀመር። ደስ የሚል በዓል ነው፤ ገበሬውም ገንዘብ አይቶበታል። ችኮላው ግን ወይኑን ጎዳው። ማሳው በኬሚካል፣ ጋኑ በፋብሪካ እርሾና በስኳር ተሞላ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገበያው ሲሰለች ብዙ ቦዦሌ ጠጪ አጥቶ አልኮሉ እንዲጣራ ወደ ማጣሪያ ተላከ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስድቡ እንደገና በጋሜ ላይ ወረደ። በእኔ እምነት ጥፋቱ የተክሉ አልነበረም።

ይህንንም በጠርሙስ ያስመሰከረው በቦዦሌ የቪሊዬ ሞርጎን መንደር ሰው ማርሴል ላፒዬር ነው። በ1973 የቤተሰቡን እርሻ ሲረከብ እንደ ጎረቤቶቹ በኬሚካል ይሠራ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዡል ሾቬ ጋር ተገናኘ። ሾቬ በ1907 የተወለደ የወይን ነጋዴና የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነው፤ ብዙ ዘመኑን በእርሾና በፍላት ጥናት ያሳለፈ፣ ትሕትናው የሚነገርለት ሰው። ትምህርቱ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ማሳው ጤነኛ ከሆነ ፍሬው የራሱን እርሾ ይዞ ይመጣል፤ ንጽሕናና ትዕግሥት ካለ ድኝ መጨመር አያስፈልግም፣ ቢያስፈልግም ጥቂት ይበቃል።

ላፒዬር አረም ማጥፊያውን ተወ፤ ፍሬው በደንብ እስኪበስል ጠበቀ፤ የተበላሸውን በእጅ እየለየ ጣለ። ዘለላዎቹ ሳይጨመቁና ፍሬያቸው ሳይፈለፈል፣ ቀዝቀዝ ብለው ወደ ጋን ይገባሉ። ጋኑ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሞላ ፍላቱ በየፍሬው ውስጥ፣ ቆዳው ሳይፈነዳ ይጀምራል። ከቆዳና ከዘር የሚወጣው ታኒን ስለሚያንስ ወይኑ፣ ጌሾ እንደበዛበት ጠላ፣ ምላስ አይዝም። የቼሪና የእንጆሪ ሽታው ጎልቶ ይወጣል። ከዚያ ባገለገሉ የኦክ በርሜሎች ውስጥ ያርፋል። ጎረቤቶቹ ዣን ፎያር፣ ዣን ፖል ቴቭኔ እና ጊ ብሬቶንም በዚሁ መንገድ ሄዱ፤ አሜሪካዊው አስመጪ ከርሚት ሊንች «አራቱ ጓዶች» ብሎ ስም አወጣላቸው።

ማርሴል በ2010፣ በለቀማው ወቅት ማብቂያ ላይ፣ በ60 ዓመቱ አረፈ። ልጁ ማቲዩ እርሻውን ያዘ፤ እህቱ ካሚይም በኋላ ተቀላቀለችው። የጓዶቹ ልጆችም ብቅ ብለዋል፦ ሻርሊ ቴቭኔ በሬኒዬ፣ አሌክስ ፎያር በብሩዪ የየራሳቸውን ወይን ይጠምቃሉ። ቀይ ወይን ይከብደኛል ለሚል ሰው ከእነዚህ ቤቶች የወጣ ጠርሙስ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ላፒዬሮች «ሬዛን ጎልዋ» ብለው የሚያወጡት ገና በወጣትነቱ የሚጠጣ ነው፤ ሞርጎን የተባለው ወይናቸው ግን በመልካም ዓመት ከተጠመቀ አሥር ዓመት ይቆያል። ሁለቱንም ከመቅዳት በፊት ቀዝቀዝ ማድረግ ይገባል፤ 13 ወይም 14 ዲግሪ ይስማማቸዋል። ከተጠበሰ ዶሮ ጋርም ሆነ ከዓሣ ጋር ይሄዳሉ።

አዲሱ ትውልድ የወረሰው ተክሉን ብቻ አይደለም፤ የአየሩን መሞቅም ነው። በ2003 የቦዦሌ ለቀማ በኦገስት አጋማሽ ተጀመረ፤ በአባቶቻቸው ዘመን ይህ የሴፕቴምበር ሥራ ነበር። ፀሐይ ሲበረታ ፍሬው ስኳር ያከማቻል፣ ስኳሩ አልኮል ይሆናል፣ ወይኑም ይከብዳል። ስለዚህ አባት ፍሬው እስኪበስል መጠበቅን ሲማር ልጆቹ ደግሞ ቅለቱ ሳያመልጣቸው መቼ መልቀም እንዳለባቸው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይወስናሉ።