አደስና ሀዳስ፦ አንድ ቅጠል በሁለት አገር

አብዛኞቻችን የአደስን ሽታ ያወቅነው ከአያቶቻችን ፀጉር ነው። የደረቀው ቅጠል ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከለጋ ቅቤ ጋር ይለወሳል። መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ የደረቀ ክንድና እግር ይቀባበታል። በደጋው አገር ብርድና ፀሐይ ቆዳን ሲሰነጥቁ ክሬሙም ሽቶውም ይኸው ነበር።

ከመካከላችን አንዷ ሁለተኛ ክፍል እያለች እንደዚሁ ተቀብታ ትምህርት ቤት ሄደች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አፍንጫውን ያዘ። ቤት ገብታ «ከእንግዲህ አትቀቢኝ» አለች። አያቷ ምንም አልመለሱም፤ ጣሳውን ከድነው አስቀመጡት። እሷም ከዚያ በኋላ አልተቀባችም።

ያ ልጅ ያላወቀው፣ እኛም ያላወቅነው ነገር አለ። አደስ ማለት በሱኮት ከሉላቭ፣ ከኤትሮግና ከዐራቫ ጋር የምንይዘው ሀዳስ ነው። ያው ተክል፣ ስሙም የሚቀራረብ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ባርሰነት» ተብሎ ስለተጻፈ ብዙዎቻችን አላወቅነውም። በ1960 ከሙት ባሕር አጠገብ በናሐል ሔቨር ዋሻ ከተገኙት የባር ኮክባ ደብዳቤዎች በአንዱ፣ ባር ኮክባ በጦርነት መካከል ሆኖ ለበዓሉ ሉላቭ፣ ኤትሮግ፣ ሀዳስና ዐራቫ ይምጣልኝ ይላል። ደብዳቤው ወደ 1,900 ዓመት ይጠጋዋል።

ወላጆቻችን በኢትዮጵያ ጾሟን ይጾሙላት የነበረችው አስቴርም ሌላ ስሟ ሀዳሳ ነው። በሜጊላው እንደተጻፈው ወደ ንጉሡ የሚገቡት ሴቶች ስድስት ወር በከርቤ ዘይት፣ ስድስት ወር በሽቶ ቆዳቸውን ያሳምሩ ነበር። በቅባት መዋብ የድሮ ነገር ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ፈረንሳዮችም ቀድሞ ከሀዳስ አበባና ቅጠል ለቆዳ የሚሆን ሽቶ አጣርተው «የመላእክት ውሃ» ይሉት ነበር። የሎስ አንጀለስን ስም ይዛ ለተሰየመችው ለቅርያት መላኪ ልጆች ይህ ስም እንግዳ አይሆንም!

ሽታው ከየት ይመጣል? ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ብታዩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነሱ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ዘይቱ በእንፋሎት ተጣርቶ ይወጣል፤ ከ100 ኪሎ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪሎ እንኳ አይገኝም። በውስጡ ያለው ሲኒዮል የሚባለው ነገር በባሕር ዛፍም አለ፤ ሁለቱ ተክሎች ዘመዳሞች ናቸው። በላቦራቶሪ ሙከራ ዘይቱ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ሲገታ ታይቷል። ይህ ግን መድኃኒት ነው ማለት አይደለም።

ወላጆች ልብ በሉ፦ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት በጣም የጠነከረ ነው። እንዳለ ቆዳ ላይ አይደረግም፣ አይጠጣም፣ ለሕፃን አይቀባም። በሌላ ዘይት አቅጥኖ መጀመሪያ ክንድ ላይ ጥቂት መሞከር ይሻላል። እናቶቻችን በብዙ ቅቤ ጥቂት አደስ መለወሳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሀዳስ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ለግቢ አጥር ይተከላል። በገዴራ፣ በያቭኔ ወይም በቅርያት መላኪ ስትሄዱ ካገኛችሁት አንድ ቅጠል አሽታችሁ አሽትቱ። ከዚያ አያታችሁ ዘንድ ሂዱና «ስንት ቅቤ፣ ስንት አደስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት፤ የእጃቸው ልኬት በየትም መጽሐፍ የለምና። ያቺ ልጅ ዘንድሮ ጠይቃለች። አያቷም ጣሳውን አውጥተው «ነይ፣ ተቀመጪ» አሏት።