የመሪው ክብደት

አሮጌ መኪና አፍቃሪዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው መነታረክ ከጀመሩ ሰንበት ብለዋል። የጠቡ መነሻ ሲያዩት ኢምንት ነው፤ ከዳሽቦርድ ሥር ተደብቃ የምትቀመጥ አንዲት የኤሌክትሪክ ሞተር። ይህች ሞተር በ1960ዎቹ የተሠራውንና መሪው እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብደውን የስፖርት መኪና በአንድ እጅ የሚታዘዝ ታደርገዋለች። አንደኛው ወገን መኪናው ነፍሱን ተነጠቀ ሲል፣ ሌላው ከጋራዥ እስር ተፈታ ይላል። ክርክሩ የባለጸጎች ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ከመኪና ያለፈ ጥያቄ አዝሏል፤ ካለፈ ዘመን የተረከብነውን የእጅ ሥራ የምንጠብቀው እንዳለ በማስቀመጥ ነው ወይስ እየተገለገልንበት? ለመፍረድ ከመቸኮል በፊት የመሪን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይበጃል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሪ የሚከብደው ለምንድን ነው? መኪና በጉዞ ላይ ሳለ ጎማው ስለሚንከባለል አቅጣጫ ማስለወጡ እምብዛም አያስቸግርም። ቆሞ ሳለ ግን ጎማው መንከባለሉን ትቶ ባለበት አስፋልቱን ይፍቃል። ሹፌሩ የሚታገለው ከዚህ ፍትጊያ ጋር ነው። በፊት ጎማዎች ላይ ያረፈው ክብደት በጨመረና ጎማው በሰፋ መጠን ትግሉ ይብሳል። በአዲስ አበባ መንገዶች አሮጌ ቮልስዋገን የነዳ ሰው መሪዋ ያለ ምንም አጋዥ እንደሚታዘዝ ያውቃል፤ ሞተሯ ከኋላ በመሆኑ የፊት ጎማዎቿ የሚሸከሙት ጥቂት ነውና።

የቀድሞ መሐንዲሶች ለዚህ ችግር የነበሯቸው መላዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው መሪውን በማስፋት የክንድን ጉልበት ማበርከት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጎማው ጥቂት እንዲዞር መሪው ብዙ ጊዜ እንዲሽከረከር አድርጎ ጥርሶቹን ማመጣጠን ነው። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። መሪው ሲሰፋ የሹፌሩን ጭን ይገፋል፤ ዙሩ ሲበዛም ድንገተኛ ነገር በገጠመ ጊዜ እጅ ቶሎ አይደርስም።

ከዚህ ጣጣ የሚያወጣውን መንገድ የቀየሰው ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ዴቪስ በፒርስ አሮው ፋብሪካ የጭነት መኪና ክፍል ሲሠራ ከባድ መኪና መንዳት ምን ያህል ክንድ እንደሚጨርስ በቅርብ አይቷል። ከዚያ ሥራ ወጥቶ በማሳቹሴትስ ግዛት በዋልታም ከተማ ጆርጅ ጄሰፕ ከተባለ የእጅ ባለሙያ ጋር ሙከራውን ጀመረ። ሐሳቡ በዘይት ግፊት የሹፌሩን ክንድ ማገዝ ነበር። በዘመኑ የነበሩት በዘይት ግፊት የሚሠሩ መሣሪያዎች ቫልቫቸው ዝግ ሆኖ ስለሚቆይ ግፊቱ ታፍኖ ዘይቱ ያፈተልክ ነበር። ዴቪስ ነገሩን ገለበጠው። ቫልቩ ክፍት ሆኖ ዘይቱ እንደ ልቡ እንዲመላለስ፣ ሹፌሩ መሪውን ሲጠመዝዝ ብቻ ቫልቩ ጠበብ ብሎ ግፊት እንዲፈጠር አደረገ።

ይህንኑ መሣሪያ በ1921 ስሪት ፒርስ አሮው መኪና ላይ ገጥሞ በ1926 ለጄኔራል ሞተርስ ኃላፊዎች ዲትሮይት ድረስ ወስዶ አሳያቸው። ወደዱት፤ ውልም ተዋዋሉ። ለካዲላክ ታስቦ ብዙ ከተደከመበት በኋላ ግን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ማምረቻው የሚጠይቀው ወጪ ከሚሸጡት ካዲላኮች ቁጥር ጋር ሲመዛዘን አያዋጣም ተብሎ በ1934 ተተወ። ዴቪስ በ1936 ቤንዲክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ሥራውን ቢቀጥልም፣ አጋዥ መሪ በተግባር አስፈላጊነቱ ጎልቶ የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በከባድ የጦር ተሽከርካሪዎች ላይ ነበር።

«የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» ይባላል። የዴቪስ መቆየት ግን ሌላ መልክ ነበረው፤ ልጁ ተወለደ፣ ስም ያወጡለት ግን ሌሎች ሆኑ። ክራይስለር በ1951 «ሃይድራጋይድ» ብሎ የሰየመውን መሪ በኢምፔሪያል መኪናው ላይ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የተመሠረተው የባለቤትነት መብታቸው ዘመን ባለፈባቸው የዴቪስ ፈጠራዎች ላይ ነበር። ጄኔራል ሞተርስም ይህን ሲያይ ወደ ዴቪስ ተመልሶ በ1952 በካዲላክ ላይ ገጠመው። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ ገበያ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መሪ የከበደው ዕውቀት ስለጠፋ አልነበረም፤ ሒሳቡ ስላልተስማማ ነው።

የስፖርት መኪና ወዳጆች ግን አዲሱን ነገር በጥርጣሬ ተመለከቱት። ያለ ምክንያትም አልነበረም። በአሜሪካ የተስፋፋው አጋዥ መሪ እጅግ ከመቅለሉ የተነሣ ሹፌሩ ጎማው ምን እንደ ረገጠ አያውቅም የሚል ስሞታ ይሰማበት ነበር። ለስፖርት መኪና ሹፌር ደግሞ መሪ አቅጣጫ ማዞሪያ ብቻ ሳይሆን ከመንገዱ የሚመጣ ወሬ መቀበያም ነው። አስፋልቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ጎማው ይያዝ ወይም ሊንሸራተት ይከጅለው፣ አስቀድሞ የሚሰማው በመዳፉ ነው። ስለዚህ ክብደቱ የዚህ ወሬ ዋጋ ተደርጎ ተቆጠረ። ቆየት ሲል ከዋጋነት አልፎ የጀግንነት ምልክት ሆነ። ክንዱ ያልጠነከረ፣ ትከሻው የታመመ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ከዚህ ደስታ ሳይነገረው ተገለለ።

ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ጃጓር ኢ-ታይፕ ነው። በማርች 1961 በጄኔቫ ትርዒት ሲቀርብ ዓለምን ያስደመመው ቅርጽ፣ ከአውሮፕላን ሥራ የመጣው የማልኮም ሴየር ንድፍ ነው። ከረጅሙ ኮፈን ሥር ብሎኩ ከብረት የተቀለጠ ባለ 3.8 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተኝቷል። መሪው አጋዥ አልነበረውም። በጉዞ ላይ ምላሹ የተመሰገነ ሲሆን፣ ለማቆም በሚደረገው ወዲህና ወዲያ ግን ላብ ያስጠምቃል። በ1968 ሁለተኛው ትውልድ ሲወጣ ፋብሪካው ራሱ ለፈለገ ሰው በዘይት የሚሠራ አጋዥ መሪ ማቅረብ ጀመረ። በ1971 አሥራ ሁለት ሲሊንደር ያለው 5.3 ሊትር ሞተር ሲገባ ደግሞ አጋዡ መሪ ከመኪናው ጋር የሚመጣ መደበኛ ዕቃ ሆነ። የመኪናውን ንጽሕና እንጠብቃለን የሚሉ ሁሉ ይህን የታሪክ ምዕራፍ ዘለው ማለፍ አይችሉም። የኢ-ታይፕን መሪ ለማቅለል መጀመሪያ የተነሣው ጃጓር ራሱ ነበርና።

የዘይቱ ዘዴ ግን የራሱ መዘዝ አለው። ፓምፑን ሞተሩ በቺንጋ ያለማቋረጥ ያዞረዋል፤ መሪው ቀጥ ብሎ በተያዘበት ረጅም መንገድ እንኳ ጉልበት ይበላል። ቱቦው ሊያፈስ ይችላል፤ ቦታም ይይዛል። በ1988 ሱዙኪ በሰርቮ መኪናው ላይ የኤሌክትሪክ አጋዥ መሪ ሲገጥም ይህ ሁሉ ቀረ። በ1990 ሆንዳ ኤንኤስኤክስ በተባለው የስፖርት መኪናው አውቶማቲክ ስሪት ላይ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በ2011 ፖርሽ 911ን በኤሌክትሪክ መሪ ሲያወጣ ደግሞ የመኪና ጸሐፊዎች፣ መሪው ያወራ የነበረውን ያህል አያወራም ብለው አጉረመረሙ። የ1950ዎቹ ስሞታ ከስድሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመሪው ዘንግ መካከል በጥቂቱ መጠምዘዝ የሚችል ቀጭን ብረት ይገባል። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ጎማው እምቢ ባለ መጠን ብረቱ ይጠመዘዛል። አንድ መለኪያ ይህን መጠምዘዝ ይመዝንና ለመቆጣጠሪያው ሳጥን ይነግራል፤ ሳጥኑም ለሞተሯ ምን ያህል ማገዝ እንዳለባት ያዛታል። ሞተሯ ብትጠፋ መሪውና ጎማው በብረት እንደተያያዙ ስለሚቀሩ መኪናው ሹፌሩን አይከዳውም፤ እንደ ድሮው ይከብዳል እንጂ።

በአሮጌ መኪና ላይ ለመግጠም የተመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ከኮፈኑ ሥር የሚታይ አንዳች ነገር አይጨመርም፤ የሚለወጠው ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው የመሪ ዘንግ ነው። በእንግሊዝ ብዙ ሠሪዎች ዕቃውን የሚያገኙት ቫውክሶል ኮርሳን ከመሳሰሉ የተጣሉ ትናንሽ መኪኖች ነው። ከቀድሞ ቤቱ የተነጠለው መሣሪያ ግን የመኪናውን ፍጥነት የሚነግረው የለም። ስለዚህ በምትኩ ምልክት የምትሰጥ ትንሽ ሳጥን ትገጠምለታለች፤ አብዛኛውን ጊዜም እገዛውን ከፍና ዝቅ የምታደርግ መዘውር ትኖራታለች። ፍጥነት ሲጨምር እገዛው እንዲቀንስ ካልተደረገ፣ ለማቆሚያ የተመቸው መሪ በአውራ ጎዳና ላይ የሚቅበዘበዝ ይሆናል።

አንድ ለውጥ ሌላውን መጎተቱ ግን አይቀርም። መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ሞተሯ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ትስባለች። የመጀመሪያው ባለ 3.8 ሊትር ኢ-ታይፕ ደግሞ የሚመገበው በዲናሞ ነው፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍም ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ዲናሞው በአልተርኔተር ይተካል፤ የባትሪው አቀማመጥ ይገለበጣል፤ ሽቦዎቹም ይፈተሻሉ። ሞተሯን ብቻ ልግጠም ብሎ የተነሣ ሰው ሳያስበው የመኪናውን የኤሌክትሪክ ሥርዓት በሙሉ ይነካል። ተቃዋሚዎቹ የሚፈሩት ይህን መጎተት ነው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። እገዛው ሲጠፋ እንኳ የሞተሯና የጥርሶቿ ፍትጊያ በመዳፍና በመንገድ መካከል መቅረቱም ሌላው እውነት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ እንዴት ይሁን? የጥንታዊ መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ2013 ይፋ ያደረገው የቱሪን ቻርተር እዚህ ላይ ይረዳናል። ቻርተሩ በ1964 ለታሪካዊ ሕንፃዎች ከወጣው የቬኒስ ቻርተር መንፈስ የተቀዳ ነው። ለውጥ ግድ ከሆነ በተቻለ መጠን የማይጎላ፣ ወደ ቀድሞው ሊመለስ የሚችል፣ በጽሑፍ የተመዘገበ እንዲሆን ይመክራል። ይህ መለኪያ ክርክሩን ከስሜት አውጥቶ ወደ ሥራ ያመጣዋል። የፋብሪካውን የመሪ ዘንግ በመጋዝ ቆርጦ ሞተር የበየደ ሰው ከታሪክ አንድ ቅጠል ቀድዷል። ዋናውን ዘንግ አውልቆ፣ በዘይት ጠራርጎ፣ ጠቅልሎ ያስቀመጠና በምትኩ ሌላ የገጠመ ሰው ግን ቅጠሉን አጥፎ አቆየው እንጂ አልቀደደውም። የሚቀጥለው ባለቤት ቢፈልግ በጥቂት ቀን ሥራ ወደ 1961 ይመለሳል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ሰው ያደላል። መኪና እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚነበብ አይደለም። ድምፁ፣ ሽታው፣ ወደ ኩርባ ሲገባ የሚያዘነብልበት ሁኔታ ሁሉ የሚታወቀው ሲነዳ ነው። ቆሞ የኖረ መኪና ዘይቱ ይረጋል፣ ጎማው ይጠፈጠፋል፣ ላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ ሳይነካ ተጠበቀ የተባለው ሳይነካ ያልቃል። በወጣትነታቸው ኢ-ታይፕን የተመኙ ሰዎች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ደርሰዋል። ትከሻቸው መሪውን ስላልቻለ መኪናው ከጋራዥ ካልወጣ የጠፋው የመሪው ክብደት ብቻ ሳይሆን መኪናው በሙሉ ነው። ዴቪስ ዋልታም ውስጥ ሲደክም የተነሣው የሹፌርን ክንድ አይቶ ነበር። ፈጠራው ሩብ ምዕተ ዓመት የዘገየው ክንዱን ትተው ሒሳቡን ያስቀደሙ ሰዎች በመወሰናቸው ነው። ዛሬም መኪናውን ብቻ አይተን መሪውን የሚይዘውን ሰው ከረሳን፣ ያንኑ ፍርድ በሌላ ስም ደገምነው ማለት ነው።